ጫፍ የሌለው መጽሐፍና የዘሀራ የጡት ልጅ

ሰው ለመጽሐፍ ፍቅረኞች ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እናቱ ቀለም፣ አባቱ ወረቀት ለሆነ ሰው እንባቸውን እንደ ነሐሴ ዝናብ የሚያወርዱ ሴቶች፣ የጎረቤታቸው ልጅ ወዳ ስትከሳ "ይቺ ልጅ ምነው እህል አትቀምስም እንዴ?" ብለው ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም። የመጽሐፍ ፍቅር ምን ጣጣ አለው? ደጅ አይጠና፣ ሽማግሌ አይልክ። አልቅሰውለት፣ ከድነውት፣ ቀሚስን አራግፎ መነሣት ነው። የጎረቤት ፍቅር ግን ነገ አማች ይሆናል። አማች ደግሞ ይበላል።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባልትና እሸጣለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ። አሮጌ ወረቀት በኪሎ እየገዛሁ ስጠቀልልበት ፊደሎቹ ዐይን ዐይኔን ያዩኝ ጀመር። እኔም ማፍጠጥ አያቅተኝም። ገበያ ሲቀዘቅዝ የልጆቼን ፊደል ገበታ አጠገቤ ዘርግቼ፣ ይህ ማነው፣ ያ ማነው እያልኩ እንደ ሠርግ እንግዳ አንድ በአንድ ለየኋቸው። ታዲያ እስከ ዛሬ የማነበው መጽሐፍ ሁሉ ወይ ፊት የለውም፣ ወይ ጭራ የለውም። የሰውየውን ሠርግ በልቼ ልደቱን ሳላውቅ የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ደግነቱ ሰውንም ቢሆን የምናገኘው ከመሐሉ ነው፤ መጀመሪያውን ራሱ ረስቶታል፣ መጨረሻውን አላህ ነው የሚያውቀው፣ ይላሉ ጎረቤቶቼ። እኔም ክርስቲያን ብሆንም አሚን እላለሁ።

ባለፈው ዓመት በበርበሬው ወራት ከወረቀቱ ክምር መሐል ሽፋን የሌለው አንድ ልብወለድ ወጣ። የደመና ንጉሥ ልጅ ሚራዳ፣ ዘውጋር የሚባል የእሳት ጠባቂ ትወዳለች። በዚያ አገር እሳት የሚነካ ወገን የተፈራ ነው፤ ጥላው እንኳ በሰው ላይ እንዲያርፍ አይፈለግም። ሁለቱ የሚገናኙት ጉም ሐይቁን ሲሸፍነው ነው። እሷ ስትስቅ ውሃው ላይ አበባ ይበቅላል፤ እሱ ሲተነፍስ አበባው እንደ ፋኖስ ይበራል። እንግዲህ ይህን በርበሬ የሚቀነጥሱ ሴቶች ፊት ማንበብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ።

ውላችን ግልጽ ነበር፤ እነሱ በርበሬዬን ይቀነጥሳሉ፣ እኔ አነባለሁ። ከግቢዬ ሐይቁ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ውሃው ቀለሙን ሲለውጥ፣ ሻላ ወፎቹ ሳይቸኩሉ ሲቀዝፉ፣ ከማዶ የአንዱ ቤት ሬዲዮ አምባሰልን ሲያንጎራጉር፣ የመጽሐፉ ሐይቅና የእኛው ሐይቅ ሳናውቀው አንድ ሆኑ። እጃቸው በርበሬ ላይ ይቀራል፤ ልባቸው ከሸምበቆው ማዶ ይሄዳል። ከሁሉም አብልጣ የምታለቅሰው ጎረቤቴ ዘሀራ ነበረች።

"በርበሬው ነው" ትላለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየያዘች።

ሁላችንም በርበሬው ነው እንላለን። በርበሬ ብዙ ኃጢአት ተሸክሟል።

ከዚያ ክፉዋ ንግሥት መጣች፤ የሚራዳ እናት። በዚያ አገር ሕግ በሕፃንነታቸው ከአንድ የብር ምንጭ የጠጡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ ቢጋቡ ድንጋይ ይሆናሉ። ንግሥቲቱ በአደባባይ ተነሥታ፣ "ይህን ዘውጋር ሕፃን ሳለ በመዳፌ ከልጄ ምንጭ አጠጥቼዋለሁ" ብላ ዋሸች።

"ያረቢ የእጇን ይስጣት!" አለች ዘሀራ ዛላ በርበሬ እንደ ጦር አንሥታ። "ልጁ ምን አደረገ? እሳት ነካ እንጂ ሰው አልነካ!"

ከኋላዋ ልጇ ሰዓዳ አንገቷን ደፍታ ትቀነጥስ ነበር። አንዷን በርበሬ ብቻ ደጋግማ።

አሁን ስለ ዘሀራ ልንገራችሁ። ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ እጀ ሰፊ ሴት ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። ልጇ ሰዓዳ የወደደችው ኑሩን ነው። ኑሩ በያጅ ነው፤ የከተማው ግማሽ በር ከእጁ የወጣ ነው። የዘሀራንም በር የሠራው እሱ ነው፤ ከላይ ጨረቃ፣ ከሥር ሁለት ሻላዎች አፍ ለአፍ ገጥመው። ዘሀራ በበሩ ትኮራለች። በሠሪው ግን አልኮራችም። የኑሩ አባትም አያትም ማጭድና ማረሻ የሚቀጠቅጡ ባለእጆች ነበሩ፤ አገሩ ቀን ማጭዳቸውን ገዝቶ፣ ሲመሽ በደጁ ሲያልፉ "ዐይናቸው" እያለ የልጁን ፊት ይሸፍን ነበር። ዛሬ ይህን ጮክ ብሎ የሚል የለም። ሸሁም ይቆጣሉ፣ ቄሱም ይቆጣሉ። ስለዚህ ነገሩ በሹክሹክታ ይወረሳል።

የኑሩ ሽማግሌዎች ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከጓዳ ነበርኩ። ዘሀራ "ባለእጅ ነው" ብላ እንዳትመልስ ነውር ነው፤ "ምግባሩ ከፍቶ" እንዳትል የልጁን ምግባር ከተማው ያውቀዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እንዲህ አለች፦

"እኔስ ደስታዬ ነበር። ግን ምን ላድርግ፣ ጡቴን ጠብቷል። እናቱ አራስ ሳለች ሲያማት የታላቁን ልጄን ጡት አካፍዬዋለሁ። ወንድምና እህት ናቸው።"

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ። በእስላሙ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም። ክርክር የለው፣ ይግባኝ የለው።

እኔ ግን ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ይህን ነገር የት ነው የማውቀው? ትናንት ከሰዓት ያነበብኩት አይደለም እንዴ! የብሩን ውሃ በወተት ለውጣ ቁጭ። ዘሀራ ፊደል አትቆጥርም፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ የተጠቀመ አንባቢ አሳዩኝ ብትሉ እጇን ይዤ የማመጣላችሁ እሷን ነው። ብናገርስ? የኑሩ እናት ከሞተች ቆይታለች፤ ማን ይመሰክራል? የጎረቤትን ጡት ውሸታም ማለት ደግሞ እንዴት ያለ ድፍረት ነው?

ሰዓዳ በአጥሩ ቀዳዳ መጣች። ዐይኗ አብጧል።

"እትዬ አሰለፈች፣ መጽሐፉ እንዴት ነው የሚያልቀው?"

"አላውቅም ልጄ፤ መጨረሻው የለም" አልኳት። እውነቴን ነው። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች፣ ምን እንደሆኑ ሳላይ፣ እርድ ጠቅልዬባቸው ሸጬያቸዋለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ የዘሀራ በር ተንኳኳ። ኑሩ ነው፤ በአንድ እጁ ቆሮሶ ዓሣ አንጠልጥሏል።

"እማ! ልጅሽ ነኝ፤ ክፈቺልኝ።"

ምን ትበል? ለጡት ልጅ በር አይዘጋም። በሩን ደግሞ የበየደው ራሱ ነው። ገብቶ ጉልበቷን ሳመ፣ ዓሣውን ሰጣት፣ ተቀመጠ፣ በላ። በማግሥቱም መጣ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ደፈነ፣ የተሰበረውን አልጋ ጠገነ። ሰዓዳም ሻሿን ሳትከናነብ ምሳ ታቀርብለታለች። ወንድሟ ነዋ! እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አንድ ቀን በሱቄ በኩል ሲያልፍ ያዝኩት። "አንተ ልጅ፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"እውነት ከሆነ እናት አገኘሁ፣ እትዬ" አለኝ። "ውሸት ከሆነም ምሳዋ ጥሩ ነው፤ እየበላሁ እጠብቃለሁ።"

ገበያው ዘሀራን "የኑሩ እናት" ይላት ጀመር። "የኑሩ እናት፣ ልጅሽ መስኮቴን መቼ ነው የሚጨርስልኝ?" አማች አይሁነኝ ያለችውን ባለእጅ በአፏ ወልዳው አረፈች። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይባላል። የዘሀራ ውሸት ግን ስንቅ አልነበረም፤ ልጅ ነበር። ልጅ ደግሞ ሲታቀፉት እያደር ይከብዳል።

እዚህ ላይ ሳቄን ልዋጥ። ጉልበቷ ሲያማት ውሃ የሚቀዳላት እሱ ሆነ። እሷም የዓሣውን ወፍራም ወፍራሙን ለእሱ ማስቀረት ጀመረች። አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ "ቁርስ ሳትቀምስ እሳት ፊት ትቆማለህ? ጨጓራህን ልትጨርሰው ነው?" ስትለው ሰማሁ። ይህን ቁጣ ውሸት አይቆጣውም።

በመሐሉ ከደሴ ሌላ ሽማግሌ መጣ፤ ለትልቅ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ዘሀራ ድሮ የምትመኘው። እንግዳ ሲመጣ የእጅ ውሃ የሚያስታጥበው የቤቱ ወንድ ልጅ ነው። ታላቅ ልጇ ሩቅ አገር ነው። ስለዚህ ኑሩ ተነሣ። የሚወዳትን ልጅ ሊጠይቁ የመጡትን ሰዎች እጅ፣ በየተራ፣ ጎንበስ ብሎ አስታጠበ። አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ሰዓዳ ከጓዳ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ይህ ጨዋ ልጅ የማን ነው?" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

"የኔ" አለች ዘሀራ። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መሐል ላይ ተሰበረ። "ጊዜ ስጡን" ብላ ሸኘቻቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት ጉም ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ አጥሬ ደርሶ ነበር። ዘሀራ ከጉሙ ውስጥ ወጣች።

"አሰለፍ፣ ያቺ ንግሥት... መጨረሻዋ ምን ሆነ?"

መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነው። የመጨረሻው ቅጠል ዐረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ይቆማል፤ "ንግሥቲቱም..." ብሎ ዝም። የለም ልላት እችል ነበር። ገለጥኩና ወደ ሐይቁ እያየሁ አነበብኩላት።

"ንግሥቲቱም እንዲህ አለች፤ ያን ቀን በምንጩ ዙሪያ ጉም ነበር። ሕፃናቱ ብዙ ነበሩ። ያነሣሁት ሕፃን እሱ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ነው። ሕዝቡም ጉሙን ወቀሰ እንጂ ንግሥቲቱን አልወቀሰም።"

ዘሀራ ወደ መጽሐፉ ጠጋ አለች። "ጉም ነበር ይላል?"

"ይላል።"

"ሰዎቹ አመኗት?"

"ዘሀራ፣ ሰዎቹ ሚራዳን ይወዷት ነበር።"

በሚቀጥለው የበርበሬ ቀን፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ዘሀራ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ እኮ ያጠባሁት ኑሩን አይመስለኝም። ያን ቀን ቤቱ በሕፃን ተሞልቶ ነበር። ጉምም ነበር።"

ቤት ውስጥ ጉም! ማንም አልሳቀም። ሁሉም ንግሥቲቱን ያውቃታል። በዕድሜም በዱዓም የምንፈራቸው እማማ ፋጡማ ቀና አሉ።

"እኔም ነበርኩ" አሉ፤ በዚያ ዘመን በዘሀራ ደጅ እንኳ አልፈው አያውቁም። "ዐይን የሚያሳጣ ጉም! ለመሆኑ ምለሻል?"

"ኧረ አልማልኩም።"

"እንግዲያ ሸሁ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። አላህ ጉሙን ይግፈፍልን። አሚን በሉ።"

"አሚን!" አልን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ዐይናችን ሁሉ ቀላ። በርበሬው ነው።

ኒካሁ ከአረፋ በኋላ ታሰረ። ኑሩ ዛሬም ዘሀራን "እማ" ነው የሚላት፤ ዓሣውም አልቀረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ደግ ነበር። በቀደም ከውጫሌ አንዲት ቆጣቢ ደንበኛ መጣች፤ ባለፈው የጠቀለልኩላትን ወረቀት አጣጥፋ ይዛ። "በዚህችው እርድ ጨምሪልኝ" አለችኝ። ወረቀቶቹ ቢጫ ሆነዋል። የመጀመሪያው መሥመር ላይ ሚራዳ የሚል አየሁ።

ቆሜ አነበብኩት። ንግሥቲቱ እስክትሞት ውሸቷን አላመነችም። ሚራዳና ዘውጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ሐይቁ ገቡ፤ ውሃው በላያቸው ሲዘጋ ሁለት ነጫጭ ወፎች ሆነው ወጡ፤ በየጉሙ ይጠራራሉ፣ አይገናኙም። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ብቻዬን አለቀስኩ፤ የማላክክበት በርበሬ እንኳ አጠገቤ አልነበረም።

ጸሐፊው ተሳስቷል አልልም፤ እሱ የተማረ ሰው ነው። ግን ያችን ንግሥት አጥር ለአጥር ጎረቤት አድርጓት አያውቅም።

"ምነው፣ ችግር አለ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"የለም" አልኩና እርዱን ጨምሬ፣ ወፎቹ ወደ ውስጥ እንዲሆኑ አድርጌ፣ አጥብቄ ጠቀለልኩላት። ውጫሌ ይቀመጥ። ዘሀራ ገና "እስቲ ያችን መጨረሻ ድገሚልኝ" ማለቷ አይቀርም።