የደሃናዋ ሙሽራ ፊት

ሰው ፊቱን የራሱ ይመስለዋል። ጠዋት ታጥቦ፣ መስተዋት ካለው አይቶ፣ ከሌለው በእጁ ዳብሶ ይወጣል እንጂ ከማን እንደ ወሰደው አይጠይቅም። ልብ ብላችሁ እዩ፤ አፍንጫው የአያት ነው፣ ግንባሩ የአጎት ነው፣ ስትስቁ ብቅ የምትለው ጥርስ ደግሞ እናንተ ሳትወለዱ የሞተች አክስት ንብረት ናት። ለቅሶ ቤት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ትክ ብላ ስታያችሁ ቆይታ እንባዋን ከጠረገች፣ እናንተን እያየች አይደለም። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ አልወድም። በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የማይ፣ ደመና ሳይኖር ጃንጥላ የምይዝ ሰው ነኝ፤ ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ነገሩ ግን በእኔው ቤት በኩል መጣ።

ልጄ ብርነሽ ወልድያ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታ ሰቆጣ ስትመለስ የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ መጣች። ሲከፈት እንደ ደረጃ ሦስት ቦታ ይዘረጋል፤ ብሩሹ፣ የፊት ዱቄቱ፣ ኩሉ፣ የከንፈር ቀለሙ በየመደቡ ተደርድሯል።

«ሙሽራ አስውባለሁ» አለችኝ።

«ሱቅሽ የት ነው?»

«ሱቅ የለኝም፣ አባ። ሳጥኔን ይዤ የጠሩኝ ቤት እሄዳለሁ።»

ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሱቅ የሌለው ሥራ ግድግዳ የሌለው ቤት ማለት ነው። ዝም ያልኩት ከዚህ የባሰ ስለነበረ ነው። ልጃገረዶችን እየሰበሰበ ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ስሟን ጽፎ ይዞ ነበር። «እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እሞክራለሁ፤ ካልሆነልኝ እሄዳለሁ» አለች። በጾም ሠርግ የለምና ያላት ጊዜ ጥር ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ሙሽራ እንዲበዛ የጸለይኩትን ያህል ለዝናብ ጸልዬ አላውቅም።

በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ሙሽራ ማለት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ኩል ተኩላ፣ እንሶስላ ሞቃ የምትወጣ ናት። ፊት በዱቄት ይሸፈናል ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቅ ነበር። ብርነሽ የጎረቤታችንን ልጅ መጀመሪያ ባስዋበች ቀን አንድ ሚዜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ «አያ ሞላ፣ ዝናብ ቢመታትስ?» ብሎኛል። እኔም ከልቤ ተጨንቄ ሰማዩን አየሁ።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። ብርነሽ ወልድያ የተማረችው አሠራር አለ። ሥራ ከመጀመሯ በፊት «የምትወዱትን ፊት ፎቶ አምጡልኝ» ትላለች። የከተማ ሴቶች ከመጽሔት የተቆረጠ የዘፋኝ ፎቶ ያመጣሉ፤ እሷም እሱን እያየች ትቀባለች። ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ማንንም አይጎዳም።

ወይዘሮ ደብሬ የሚባሉ የደሃና ወረዳ ሴት ልጃቸውን የሺን ሊድሩ ነበርና በገበያ ቀን መጥተው ብርነሽን ጠሩ። ቤታቸው ከመኪና መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ብቻዋን አልሰድም ብዬ ሳጥኑን አህያ ላይ ጭኜ፣ እንዳይወድቅ በእጄ ደግፌ ከኋላ ተከተልኩ። ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፤ ጠላው ደርሷል። ብርነሽ እንደ ልማዷ ፎቶ ጠየቀች። ወይዘሮ ደብሬ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ከዚያ ጓዳ ገብተው ሳጥን ሲከፍቱ ሰማን፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ፎቶ ይዘው ወጡ።

«ያለን ይህ ነው» አሉ።

ከጉርድ ፎቶ ላይ እንዲጎላ የተደረገ የአንዲት ልጃገረድ ምስል ነበር። አትስቅም፤ ፊት ለፊት ታያለች። ሁሉን የምጠይቅ እኔ፣ የዚያን ቀን ማን ናት ብዬ አልጠየቅሁም።

ብርነሽ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ከጠዋት እስከ ቀትር ሠራች። ቅንድቡን አቀጠነች፣ ጉንጩን አጎደጎደች፣ ከንፈሩን አጠበበች፣ አፍንጫው ሥር ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንኳ በኩሉ አኖረች። ጥንቃቄዋን ከእኔ ነው የወሰደችው፤ ጥፋቱም ስለዚህ ግማሹ የእኔ ነው።

ቀትር ላይ ሙሽራዪቱን ሊወስዱ የመጡት ሚዜዎች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ የሺ የሽማግሌዎችን ጉልበት ልትስም ወጣች። እልልታው ተጀመረ፤ ግማሽ ላይ ቆመ። አህያዬ ገለባ ስታላምጥ ይሰማኝ ነበር።

«ምን ሆኑ?» አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው።

«ማሬ ናት» አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ማሬ ማን ናት?»

«የየሺ ታላቅ። ዓረብ አገር ሄዳ የሞተችው። አስከሬኗ አልመጣም፤ እንጨት ቀሚሷን አልብሰን ነው ያለቀስንላት።»

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ተነሡ፤ የልጆቹ አክስት ናቸው። የሙሽራዪቱን አገጭ ያዙና በአካባቢው ቋንቋ በኸምጣንጋ፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚጠየቀው፣ ቀስ ብለው ጠየቁ። ቋንቋውን እሰማለሁ። ያሉት «መንገዱ እንዴት ነበር?» ነው።

 ሙሽራዪቱም በዚያው በኸምጣንጋ መለሰች።

«ውሃ የለውም።»

ለቤተሰቡ የተነገረው በሰው ቤት ታማ ሞተች ተብሎ ነው፤ ስለ ውሃ ያወራ ሰው አልነበረም። ከሚዜዎቹ አንዱ ግን፣ ከማሬ ጋር ወጥቶ ከበረሃ የተመለሰ ጎረምሳ፣ ብርሌውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ልነግራችሁ ነበር» አለ። 

ወይዘሮ ደብሬ ከእልልታቸው ወደ ለቅሶ ሲሻገሩ፣ የሙሽራው አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደንግጠዋል፤ ቢሆንም ሥርዓት ያውቃሉ።

«እኛ ያጨነው የሺን ነው» አሉ። «ለዚህችኛዋ ሽማግሌ አልላክንም። ታጥባ ትምጣ።»

ብርነሽ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበቻት። ከሥር የሺ ወጣች፤ ክብ ፊቷን ይዛ፣ ርቧት። ለምን እንዲያ አልሽ ቢሏት፣ «ምን አልኩ? ከንፈሬ ላይ የተቀባው ነገር አድርቆኝ ውሃ የጠየቅሁ ነው የመሰለኝ» አለች። ይህን መልስ መቀበል የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ተቀብዬዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት እንደገና እቀበለዋለሁ።

ሠርጉ ሆነ። እኛም ተመለስን፤ ወሬው ግን ከአህያዬ ቀድሞ ሰቆጣ ገብቷል። ቀጠሮ የያዙት ሁለት ሙሽሮች ቀሩ። አንዷ እናት መንገድ ላይ ብርነሽን ስታያት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ጥር አለቀ፣ ጾም ገባ፤ ብርነሽም የጉዞ ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ቀሚስ ሲገባ አያለሁ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ሴት መጣች። ከአበርገሌ ቆላ የመጣች ናት፤ እግሯ አቧራ ለብሷል። ከኋላዋ አንዲት ልጃገረድ ቆማለች፤ በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ ይዛለች።

«ሙሽራ የምታስውበው ልጅ ቤት ይህ ነው?»

«በጾም ሠርግ የለም፣ እመቤት» አልኩ።

«ሠርግ አይደለም፣ አያ። ትልቋ ልጄ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ሞተች የሚለኝም የለም፣ አለች የሚለኝም የለም። ታናሿን ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት።»

«ምን?»

«ላልቅስ ወይስ ልጠብቅ።»

ብርነሽ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ሴትየዋን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አባ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» አለች። ይህን ሥራ ስትጀምር ፈቃዴን አልጠየቀችም ነበር። የንስሐ አባቴ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የእግዜር ሥራ ውስጥ እጅ መክተት መሆኑም አልጠፋኝም። ግን ከልጄ ትከሻ በላይ ሻንጣው ይታየኛል፤ ግማሽ ሞልቷል። የሞቱት ቢመጡም ፊታቸው በሳሙና ይለቃል። ልጄ ከሄደች በምን አመጣታለሁ?

«ግቡ» አልኩና ውሃ ልቀዳ ሄድኩ።

ውስጥ የተባባሉትን አልነግራችሁም። ሴትየዋ ግን ስትወጣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ነበር፤ የብርነሽን እጅ ሁለት ጊዜ ሳመች። ከዚያ ወዲህ ሰው አልተቋረጠም። ከአበርገሌም፣ ከደሃናም፣ ስሙን ከማላውቀው ቀበሌም ይመጣሉ፤ ሙሽራ ይዞ የመጣ ግን አንድም የለም። ሻንጣው ባዶውን አልጋ ሥር ገባ።

ደላላው ተስፋ አልቆረጠም። በቀደም መጥቶ፣ «ሁሉ አልቋል፤ ለፓስፖርቱ የሚጎድለው ሁለት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው» አላት። ብርነሽ ብሩሾቿን እያጠበች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ፎቶ አልነሣም» አለችው። ምክንያቱን አልጠየቃትም፤ እኔም፣ ወደ ቤታችን የማን ፎቶ እንደሚመጣ አውቃለሁና፣ አልጠየቅኋት። ያለ ፎቶ ደግሞ ፓስፖርት አይሰጥም። የመንግሥት አሠራር ከእኔ ሐሳብ ጋር ሲስማማ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን አንድ ጊዜ ነው።