አሸዋ፣ ቅርፊትና የዘነቡ ስፌት መኪና

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ተቀምጦ አሸዋ በገንዘብ የሚገዛ ሰው አለ ቢሉኝ፣ ዱሮ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ባሕሩ ደጃችን ነው፤ አሸዋውም ከማሪና፣ ከጀልባዎቹ ማቆሚያ፣ ስትመለሱ ሳትጠሩት በጫማችሁ ተሳፍሮ ቤት ድረስ ይከተላችኋል። የሰው ልጅ ደግሞ በነጻ ያገኘው ነገር ለሁሉም መድኃኒት ይመስለዋል።

ባለቤቴ ዘነቡ ከእናቷ የወረሰችው የእግር ስፌት መኪና አላት። እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚያ መኪና የራማት ኤሽኮል ሰፈርን ግማሽ ሕዝብ ቀሚስ አልብሰዋል። እግሩ ዝጓል፤ ጥቁሩ አናቱ ላይ ግን በወርቅ ቀለም የተሳሉ አበቦች ነበሩ። «ነበሩ» ማለቴን ልብ በሉ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ ብረት ማደስ ሱስ ሆኖብኛል። አየር የሚያምቀው ትልቁ ኮምፕሬሶር አምሮኝ ነበር፤ ኪሴ ግን ወደ ትንሹ መራኝ። በታመቀ አየር አሸዋ የሚተፋ መርጫም ጨመርሁበት። ከባሕር አንድ ባልዲ አሸዋ ይዤ ስመጣ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረት ሥራ የኖሩት ጎረቤቴ ጋሼ ታየ አዩኝ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«የዘነቡን መኪና ዝገት ላራግፍበት፣ ጋሼ።»

«ብናኙ ሳንባህን ይበላዋል፣ ጨዉ ብረቱን መልሶ ያዝገዋል። ለእግሩ የተፈጨ መስታወት ግዛ። ለአናቱ የተፈጨ የኤጎዝ ቅርፊት ይሻላል፤ ለስላሳ ነው። ግን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክረው። አፍና አፍንጫህንም ደህና አድርገህ ሸፍን።»

ያን ለውዝ መሰል፣ ቅርፊቱ በጥርስ የማይሰበር ፍሬ ነው እንግዲህ ለስላሳ የሚሉት!

ምክራቸውን ሰማሁ፤ አብዛኛውን። እግሩ በመስታወቱ ጸድቶ እንደ አዲስ ወጣ። ትንሹ ኮምፕሬሶር ግን በየደቂቃው ትንፋሹ እያለቀ ያስቆመኛል። ብጠብቅ ብጠብቅ ሰለቸኝና፣ ቅርፊቱን ሳልሞክር በቀጥታ አናቱ ላይ ለቀቅሁት። አበቦቹ በነኑ። ቀና ስል ዘነቡ በሩ ላይ ቆማለች።

ባዶውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችና «ይሰፋል?» አለች። መዘውሩን ሳዞረው ከውስጥ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ ድምፅ መጣ። ቅርፊቱ ሆዱ ገብቷል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሳምንት ሙሉ መኪናውን ፈታትቼ ፍርፋሪ በወረንጦ ስለቅም ከረምሁ። ጋሼ ታየ አጠገቤ ተቀምጠው ዘይት ያቀብሉኝ ነበር። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን መዘውሩ ያለ ድምፅ ዞረ። ዘነቡ ወዲያው ወፍራም ጨርቅ አምጥታ ስትሰፋ ዋለች። ሲያልቅ አየሁት፤ መኪናውን ከአናቱ እስከ እግሩ የሚሸፍን ልብስ ነው።

«ከአቧራ እንዲጠብቀው ነው?» አልኋት።

«ካንተ» አለችኝ።