የክቡር መጪው አምስት ዓመት

ነገን አይቶ የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እኛ ተራዎቹ እስኪነጋ እንጠብቃለን፤ እሱ ግን ደርሶበት መጥቷል። የመጣውም እኛን ለማስጠንቀቅ ነው። ከምን እንደምንጠነቀቅ በቅጡ ሳይገባን ይመሽና ወደ ቤቱ ይገባል።

በሰዓት ሠሪው ሰፈር ይህ ሹመት የደረሰው ለሚስቱ ወንድም ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈርተኛው "ክቡር መጪው" ይላቸዋል። ሥራዎ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "የእኔ ሙያ ገና አልተፈጠረም።" አቤት መታደል! ከአለቃም ከሥራ ሰዓትም ነፃ የሆነ ሙያ።

ሱቁ ገና ሲከፈት ክቡርነታቸው ይደርሳሉ። በርጩማዋን ይስቡና ስማርት ሰዓታቸውን አውልቀው ከግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካሉ፤ ቻርጁ አንድ ሌሊት አያድርምና። ከዚያ ስብከቱ ይጀመራል። "አማቼ፣ አምስት ዓመት! ከአምስት ዓመት በኋላ ሰዓት የሚያስጠግን ሰው ካየህ እኔን ጥራኝ።" ትንሽ ቆይተው ባዶ እጃቸውን ያዩና "ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?" ይላሉ። ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ መነጽር ሳያወልቅ ይነግራቸዋል።

ዳቦ ጋጋሪው አንድ ጊዜ ሰምቷቸው ጉድ ሆኗል። "ዳቦ በድሮን ነው የሚታደለው፤ ብስክሌት የያዘ ነጋዴ አለቀለት" አሉት። ደንግጦ ብስክሌቱን ሸጠ። ድሮኑ እስካሁን መንገድ ላይ ነው መሰለኝ አልደረሰም፤ ሰውዬው ግን ዳቦውን ተሸክሞ በእግሩ ሲዞር ቦርጩ ጠፋ። ሚስቱ እስከ ዛሬ ትመርቃቸዋለች።

ጫማ ሰፊውን ደግሞ "ጫማ እንደ ጋዜጣ ይታተማል" ብለው አስጨነቁት።

"ሶሉም?" አላቸው።

"ሶሉም።"

"ማሰሪያው ሲበጠስስ?"

ክቡርነታቸው ጣሪያውን አዩ። "እሱ ገና ነው" አሉ። መውጫ ሲያጡ የሚወጡት በዚህች በር ነው።

ሰው ሁሉ ይስቃል። ሰዓት ሠሪውም ይስቅ ነበር፤ አብሯቸው የሚውለው ግን እሱ ነውና ሳይታወቀው ማመን ጀመረ። ማመኑም አይፈረድበትም። በሳምንት የሚሸጠው ሁለት ባትሪና አንድ የሰዓት ማሰሪያ ነው፤ አንዱማ ገብቶ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየና ወጣ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እጁ ሌላ ነገር አልለመደም። የሱቁ ውል አልቋል፤ አከራይዋ አርብ አዲሱን ይዘው ይመጣሉ። ውሉ አምስት ዓመት ነው፤ ዋስም ይፈልጋል።

"ልተወው ነው" አላት ሚስቱን። "ወንድምሽ ልክ ሳይሆን አይቀርም።"

"ወንድሜ ልክ ከሆነ የመጀመሪያ ቀኑ ነው" አለችና ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች። ሌሊቱን ግን እሷም አልተኛችም።

አርብ ዕለት አከራይዋ ሲገቡ ክቡር መጪው ስብከታቸው መሐል ላይ ነበሩ። "አሁን ዘመኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፣ እትዬ! ገንዘብም ሥራም እዚያ ነው።"

"ሰው ሠራሽ?" አሉ አከራይዋ ወንበር እየፈለጉ። "እኔም ሰው ሠራሽ ጥርስ አለኝ። ለማኘክ ደህና ነው፤ ስስቅ ነው የሚከዳኝ። ያንተ አስተውሎት የሚከዳህ መቼ መቼ ነው?"

አከራይዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። "በል ልጄ፣ ትፈርማለህ ወይስ ለሌላ ልስጠው? የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው እየጠየቀኝ ነው።"

ሰዓት ሠሪው እስክሪብቶውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "ይስጡት፣ እትዬ። በዚህ ሙያ ለአምስት ዓመት ዋስ የሚሆነኝ ማን ሞኝ አለ?"

ክቡር መጪው ከበርጩማቸው ተነሱ።

"ወዲህ በሉት" አሉ። "ዋሱ እኔ ነኝ።"

"አንተ? በምንህ?" አሉ አከራይዋ።

"በአባቴ ቤት።"

ቤቷ አሮጌ ናት፤ ጣሪያዋ ያፈሳል። በዚህ ዓለም ላይ አሁን ያላቸው ነገር ግን እሷ ብቻ ናት፤ የቀረው ሀብታቸው ሁሉ ገና የሚመጣ ነው። ሰዓት ሠሪው እጃቸውን ያዘ። "ተው፣ ወንድሜ፤ ቤትህን አትጣ! ሙያው አለቀለት ያልከኝ አንተው አይደለህ?"

"አልኩ። አሁንም እላለሁ። ማለቁማ ያልቃል።" እጃቸውን አስለቅቀው በተንዛዛ ፊርማቸው ፈረሙ። "ግን እሱ ገና ነው። ደግሞስ ይሄ ሱቅ ከተዘጋ እኔ ለማን ነው የማወራው? ለስልክ ሽፋን?"

አከራይዋ ሳቁ፤ ጥርሳቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገው። ሰዓት ሠሪውም ፈረመ። ማጉያ መነጽሩን አላወለቀም፤ አንደኛው ዓይኑ እንባ ማቅረሩ እንዳይታይበት ነው። ሌላኛው ግን አጋለጠው።

አከራይዋ ሲወጡ ክቡርነታቸው ወደ በርጩማቸው ተመለሱና ባዶ እጃቸውን አዩ። "ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?"

ሰዓት ሠሪው መሳቢያውን ከፈተ። በእጅ የምትሞላ፣ እሱ ራሱ ያደሳት ቆንጆ ሰዓት አለች። ሊያስርላቸው አነሳትና አሰብ አድርጎ መልሶ አስቀመጣት። ሶኬት የማትፈልግ ሰዓት ከታሰረችላቸው፣ ነገ ምን ብለው ይመጣሉ?

"አምስት ሰዓት ሆኗል" አላቸው። በደንብ ተሰክቶ እንደሆነም ቻርጁን አየላቸው።