የማይጠፋ ቤት

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተርን «አለህ?» እያለ የሚውል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጓደኛዬ ታምሩ አያት ኮንዶሚኒየም ብቻውን ተቀምጦ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ የኢንተርኔት ካርታዎች መሥራታቸውን ይፈትሻል። «አለህ?» ይላል፤ ካርታዎቹን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ «አለሁ» ይላል። ከዚያ በላይ ወሬ የላቸውም።

ድሮ እንግዳ ከታክሲ ወርዶ «መንገዱ ጠፋኝ» ብሎ ይደውልለት ነበር። ታምሩም በነጠላ ጫማ ሮጦ ይቀበለዋል፤ እየተጨዋወቱ ይመጣሉ። ምን ያደርጋል! ቤቱን ራሱ ካርታው ላይ እስከ ደረጃው ድረስ አስተካክሎ አስቀመጠው። አሁን ማን ጠፍቶት ይደውል?

ባለፈው እሁድ በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩለት።

«ታሜ፣ ጠፋሁ።»

«እሰይ!» አለ። «እንዳትንቀሳቀስ፣ መጣሁ!»

ጫማውን ሲፈልግ በበሩ በኩል ይሰማኛል።