የኦቦ ቶሎሳ እጆች

ሳኒታይዘርን እንደ ሽቶ የሚቀባ ሰው አይታችሁ ይሆናል። ጠብ ያደርጋል፣ አንዴ ፈተግ አድርጎ ያሸታል፣ ከዚያ እርጥብ እጁን በነጠላው ይጠርግና «ጸዳሁ» ይላል። የጸዳውስ ነጠላው ነው። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነብ የለም። እኔ የስኳር መጠቅለያም ሳላነብ ስለማልጥል አንብቤያታለሁ፦ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሃል፣ አውራ ጣት፤ እስኪደርቅ ይታሽ። አፈር የነካው እጅ ግን አስቀድሞ በውሃ ይታጠብ ትላለች።

የገበሬውን መሬት ይወስዳል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ባስነሳበት ሰሞን ቡራዩ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ውሃም ከጠፋ አራተኛ ቀኑን ይዟል። የጎረቤቴ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ፣ ሚስቱ በወለደች በሳምንቷ፣ ለሰልፍ በእግሩ ወጥቶ ሬሳው በቃሬዛ ተመለሰ። ጨቅላው ከወሩ ቀድሞ የመጣ፣ መዳፍ የማይሞላ ነው። ሐኪሞቹ «እጁን ያላጸዳ እንዳይነካው» ብለው የሳኒታይዘር ጠርሙስ አስይዘው ነበር የሸኟቸው። ቢታመም የሚወስደው መኪና የለም። እናትና ልጅ የተኙበትን የጓዳ በር እንድጠብቅ እኔን መረጡ፤ ምላሴን ያውቁታላ።

ከቀብር የተመለሰ ሰው ደጃፍ ላይ እጁን ይታጠባል። የዚያን ቀን ግን ቤቱ ውስጥ የቀረችው ለአራሷ የተቀመጠች አንዲት ጀሪካን ውሃ ናት። ኦቦ ቶሎሳ ሳይታጠቡ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። የልጃቸውን መቃብር አፈር በእጃቸው ነበር የመለሱት፤ ጥፍራቸው ሥር ገብቷል።

«የልጅ ልጄን ስጪኝ።»

«አባባ፣ መጀመሪያ በውሃ ይታጠቡ።»

«ያ የያዝሽው ጠርሙስ አይበቃም?»

«አፈር አያነሳም።»

«አንቺም አፈሩን ቆሻሻ አልሽው? ልጄ የሞተው ለምን መሰለሽ?»

አራሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «ከኔ ውሃ ቅጂላቸው» አለች።

በአንዲት ጣሳ አስታጠብኳቸው። እጣቢውን ልድፋው ብል እምቢ አሉኝ። ሳፋውን ራሳቸው ይዘው ወጡና ጓሮ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር፣ ቀስ አድርገው አፈሰሱት።

ተመልሰው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠብ አደረግሁላቸው። በጋቢያቸው ሊጠርጉ ሲሉ፣ «አይሆንም አባባ፣ እስኪደርቅ ይሹት። አውራ ጣትዎንም» አልኩ።

«ቶሌ» አሉ፤ በኦሮምኛ እሺ ማለታቸው ነው። ሞፈር ያጠነከራቸው ጣቶች ቀስ ብለው ታሹ።

ሕፃኑን አቀረብኩላቸው። ቁርጥ አባቱን ነው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ በእጃቸው ጠረጉት።

ዝም ልል ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ማን ደንብ ያስከብራል? እሳቸው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«ፊቴን ነክቻለሁ» አሉ። «ድገሚልኝ።»