ያልተያዘው ዓሣ ያመጣው ጠብ

የጉዞ እቅድ የሚያወጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሚሄድ ሰው አላልኩም፤ የሚያቅድ ነው ያልኩት። እኛ ሆሳዕና ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ማርቆስ፣ ደምሴና እኔ። በህንድ ውቅያኖስ መካከል ወዳለች፣ ስሟን እንኳ እያንዳንዳችን በየራሳችን አጠራር ወደምንጠራት ደሴት ሄደን በጀልባ ዓሣ ልናጠምድ፣ በማዕበል ላይ ልንንሸራተት ማቀድ ከጀመርን ቆይተናል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኛ ግን ገና ሳንጎረጉር ጠብ አወጣን። ማርቆስ ትልቁ ዓሣ እዚያው ተጠብሶ ይበላ አለ። ደምሴ በበኩሉ፣ "ዱራሜ ላለችው እናቴ ካልወሰድኩማ ሞቼ እገኛለሁ" አለ። ከዚያ "ሆዳም" ተባባሉና ተኮራረፉ። በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጠው ሰላምታ ተነፋፈጉ። የስንት ዘመን ወዳጅነት ሊፈርስ ሲል ዝም ብዬ ልይ? የሰፈራችንን ሽማግሌ፣ ጋሽ ኤርጊቾን፣ ሄጄ ለመንኳቸው።

ጋሽ ኤርጊቾ ሁለቱንም በጥሞና አዳመጧቸው።

"ዓሣው አሁን የት ነው?" አሉ።

"ባሕር ውስጥ" አለ ደምሴ።

"ከእናንተ መሃል ዋና የሚችል አለ?"

ሦስታችንም ራሳችንን በአሉታ ነቀነቅን።

"እንግዲያው ዓሣው በሰላም ይዋኝ። እናንተም ተነሱና ተሳሳሙ።"

ተቃቅፈው ይቅር ተባባሉ።

ሽማግሌውን እስከ ደጃቸው ሸኘኋቸው። እጄን እንደያዙ ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለመሆኑ ጀልባዋ አራት ሰው ትይዛለች?"