ባሕር በእንጅባራ

«ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ሰው አገሩን ሞልቶታል። የምቀኛውን ድካም ግን ማን አስቦለት ያውቃል? እንቅልፍ የሚያጣው እሱ፣ የሚከሳው እሱ፤ የሚያልፍለት ሌላው! ይህን የምለው ጉዳዩ ስለሚመለከተኝ ነው።

ስማቸውና እኔ እንጅባራ ሥዕል የምናስተምር ባልደረቦች ነን። አንድ ዓመት እንግዶች ከባሕር ዳር መጥተው የሁለታችንን ሥራ ሊያዩ፣ የበለጠውን ሰው ከነሥራው ጂቡቲ ለዐውደ ርእይ ሊወስዱ ሆነ። ርእሱ ፕላስቲክ የበከለው ባሕር ነው። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም፤ ከእኛ ይልቅ የእንጅባራ ጉም ይቀርበዋል።

እኔ ወር ሙሉ ለፍቼ በሸራ ላይ ማዕበል ሣልኩ። ስማቸውስ? ብሩሽ እንኳ አልነካም። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ በሰማያዊ ጨርቅ ጋርዶ፣ ከየሆቴሉ የለቀመውን ባዶ ሃይላንድ ሁሉ በሲባጎ ከጣሪያው አንጠለጠለው። በመካከሉ ሲያልፉ ከባሕር ሥር የገቡ ይመስላል። ሳየው ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል? የኔ ማዕበል ጥግ ላይ የግድግዳ ቀለም መሰለ።

ታዲያ ጥምቀት ሁለት ቀን ቀርቶታል። እንግዶቹ ሳይደርሱ በሩ ለሕዝብ ተከፈተ። ጎረቤቴ እማማ የሺ ቀና ብለው አዩና፣ «የጠበል መቅጃ ጠፍቶ ይህ ሁሉ ሃይላንድ ተሰቅሎ ይዋል?» ብለው አንዱን በጠሱት። የቀረው ሰው ምን ይጠብቃል? አንዱ ለጠበል፣ አንዱ ለአረቄ፣ አንዱ ለጋዝ እያለ ባሕሩን አራቆተው። ስማቸው «ኧረ ሥዕል ነው!» እያለ ቢማጸን ማን ሰምቶት! እኔማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ጂቡቲ በአፍንጫዬ ሸተተኝ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ጣሪያው ላይ ባዶ ሲባጎ፣ ሰው እጅ ላይ ሃይላንድ። ስማቸው ሊያለቅስ ደርሷል። ከእንግዶቹ አንዷ ግን ቀድማው አነባች። ተመልካቹ በገዛ እጁ ባሕር የሚያጸዳበት እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም አለች! ስማቸውም እንባውን ውጦ፣ ሐሳቡ ያው ነበር ብሎ እጅ ነሳ። ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው፤ ጂቡቲም የእሱ ሆነች።

ሰው ሲበተን ሸራዬን ላወርድ ሄድኩ። ሃይላንዱን ጠራርጎ፣ ሲባጎውን ለጥጃ ማሰሪያ ፈትቶ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ሳይቀር ተካፍሎ የሄደ ሕዝብ፣ የኔን ባሕር የሚሰርቅ አንድ ሰው ይጣ?